ጨርቅ የለበሰ የድሮ ስልክ ገመድ፦ ምን እንደሆነ፣ የምን እንደሆነ፣ የመቼ እንደሆነ እንዴት ይለያል?

ጨርቅ የለበሰ የድሮ ስልክ ገመድ ስናገኝ አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምናየው ቀለሙን ነው። ቡናማ ነው? አረንጓዴ ነው? ጥቁር ነው? ከዚያ ኢንተርኔት ላይ የሚመሳሰል ፎቶ እንፈልጋለን፤ ካገኘን ደግሞ «ይኸው ነው» ብለን እንደመድማለን። ይህ መንገድ ብዙ ሰው ያሳስታል። ጥጥና ሐር ብርሃን ሲመታቸው ቀለማቸውን ይለቃሉ። አቧራ፣ የእጅ ቅባትና የሲጋራ ጭስ ደግሞ ያጠቁሯቸዋል። ድሮ አረንጓዴ የነበረ ገመድ ዛሬ ቡናማ መስሎ ሊገኝ ይችላል።

የምመክረው ቅደም ተከተል የዚህ ተቃራኒ ነው። ከጫፉ ጀምሩ። ቀጥሎ ሽቦዎቹን ቁጠሩ። ከዚያ ውስጡን፣ ከዚያ ጨርቁን እዩ። ቀለሙን ለመጨረሻ አቆዩት። የድሮ ገመድ ስለ ራሱ ብዙ የሚናገረው ጫፉ ላይ ነው፤ ሰው ቆርጦ የሚጥለውም ያንኑ ጫፍ መሆኑ ያሳዝናል።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር ጥቂት ነው፦ አጉሊ መነጽር፣ ሜትር፣ ቴስተር (ሽቦ ተበጥሶ እንደሆነ የሚለካው ባለ ሁለት እግር መሣሪያ)፣ ከብሎኑ ጋር በደንብ የሚገጥም ካቻቢቴ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ወረቀትና እርሳስ። ፎቶ ለማንሳት የእጅ ስልካችሁ ይበቃል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ሳትነቅሉት ፎቶ አንሱት

ገመዱ ስልኩ ላይ እንደተገጠመ ከሆነ አትቸኩሉ። ስልኩ ከግድግዳው መስመር ጋር ተያይዞ ከሆነ መጀመሪያ ያንን አላቁት። የስልክ መስመር ዝም ብሎ በተቀመጠበት 48 ቮልት አካባቢ ይይዛል። ጥሪ ሲመጣ ግን ደወሉን የሚመታው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ 90 ቮልት አካባቢ ይደርሳል። የተሰነጣጠቀ የድሮ ገመድ በእጃችሁ ይዛችሁ ሳለ ጥሪ ቢገባ ድንጋጤው ቀላል አይደለም።

ከዚያ የስልኩን ሆድ ክፈቱና እያንዳንዱን ብሎን ቀረብ ብላችሁ ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹ አጠገብ የታተሙ ፊደሎችና ቁጥሮች አሉ። የትኛው ሽቦ የትኛው ፊደል ላይ እንደታሰረ ጻፉ። «አስታውሰዋለሁ» አትበሉ። የሽቦዎቹ ቀለም ደብዝዞ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሲመስል የሚያድናችሁ ይህች ወረቀት ናት።

አንድ ነገር አደራ፦ ጥንካሬውን ለማየት ብላችሁ ገመዱን አታጥፉት። ከውስጥ የደረቀ ጎማ ካለ በአንድ እጥፋት ሊፈረፈር ይችላል።

2. በእርግጥ የስልክ ገመድ ነው?

በካርቶን ሙሉ የተቀላቀለ ገመድ ካገኛችሁ ይህ ጥያቄ ይቀድማል። በዚያ ዘመን ጨርቅ ያልለበሰ የኤሌክትሪክ ዕቃ አልነበረም ማለት ይቻላል። መብራት፣ ካውያ፣ ሬዲዮ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ሁሉም የጨርቅ ገመድ ነበራቸው።

የመብራት ገመድ በክብደቱ ይታወቃል። ውስጡ ወፈር ያለ፣ ከብዙ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች የተገመደ ነው። የስልክ ገመድ ሽቦ ግን ከመጠን በላይ ቀላልና ልስልስ ነው። ይህን ልዩነት በሚገባ ያዙት። የስልክ ገመድን ለመብራት ወይም ለሌላ ከባድ ኤሌክትሪክ ማዋል እሳት መጋበዝ ነው፤ ጨርቁ የቱንም ያህል ቢያምር አይሆንም።

የካውያና የማሞቂያ ገመድ ላይ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ከጨርቁ ሥር ነጣ ወይም ግራጫ ያለ፣ የሚበን ቃጫ ከታያችሁ አስቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ሊሆን ይችላል። አትቦጭቁት፣ አትቦርሹት። ፌስታል ውስጥ አሽጋችሁ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ ሥራችሁም እዚያ ላይ ይብቃ።

የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ከስልክ ገመድ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ የውስጡ አሠራርም አንድ ነው። የሚለየው አንዱ ጫፍ ለሁለት ጆሮ ሁለት ቦታ መከፈሉ ነው። የስልክ ማዞሪያ ሠራተኞች ይጠቀሙበት የነበረው ገመድ ደግሞ በአንድ በኩል የነሐስ መሰኪያ አለው። ብዙውን ጊዜ የመሰኪያው ውፍረት 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። ጉንጉኑም ጠንከርና ጠበቅ ያለ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲሳብና ሲለቀቅ የሚውል ነበርና። መሰኪያው ተቆርጦ ከጠፋ በኋላ «የስልክ ገመድ» ተብሎ ሲሸጥ ይታያል።

3. ጫፎቹን መርምሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፉ፣ ብርሃን ከጎን አብሩ፣ አጉሊ መነጽራችሁን ያዙ።

መጀመሪያ የብረቱን ጫፍ እዩ። ሦስት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ። ሹካ የሚመስለው ብሎኑን ሳይፈቱ ላላ በማድረግ ብቻ ከሥሩ የሚገባ ነው። ቀለበት የሚመስለው ብሎኑ ሙሉ በሙሉ ካልወጣ አይገባም። መርፌ የሚመስለው ደግሞ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ከጎን በብሎን ይጠብቃል። መርፌ ጫፍ የብሎን መያዣቸው ከውጭ በሚታይ በጣም የቆዩ ማዳመጫዎች ላይ ይገኛል። ሹካው በኋላ ላይ በሰፊው የተለመደው ነው።

ብረቱ ሽቦውን እንዴት እንደያዘው ተመልከቱ። የድሮው ተጨምቆ ወይም ተጠቅልሎ የተያዘ ነው፤ ከሥሩ ብዙ ጊዜ በቀጭን ክር ደርበው ያስሩታል። ጫፉ ላይ የስታኞ ጉብታ ካያችሁ በኋላ በሰው እጅ የተጠገነ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሩ። ምክንያቱን ተራ ቁጥር 5 ላይ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ ውጫዊው ጨርቅ የሚያልቅበትን ቦታ እዩ። ጉንጉኑ እንዳይተረተር በክር ዙሪያውን ተጠምጥሞ ታስሯል። የፋብሪካ ሥራ ከሆነ ጥምጥሙ እኩል ነው፣ ክሩ ላይ ክር አልተደረበም፣ ቋጠሮው ከሥር ተደብቋል። ብዙ ጊዜ ሰም የነካው ስለሆነ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ያብለጨልጫል። በፕላስተር ወይም በኤሌክትሪክ ቴፕ የተጠቀለለ ከሆነ ከሥሩ ዋናው እስር ተርፎ ሊሆን ይችላልና ቀስ ብላችሁ ግለጡት።

ከዚህ እስር አጠገብ መያዣ ክር ፈልጉ። ይህ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ፣ ጠንካራ ሲባጎ ነው። ስልኩ ውስጥ ካለ ትንሽ መንጠቆ ወይም ብሎን ጋር ይታሰራል። ሰው ገመዱን ሲጎትት ጉልበቱ ሽቦው ላይ ሳይሆን እሱ ላይ እንዲያርፍ ነው የተሠራው። በአንዳንድ ገመዶች በሲባጎው ፈንታ የብረት መቆንጠጫ ወይም መንጠቆ አለ። መያዣ ክሩ የት እንደሚጀምር፣ ርዝመቱ ስንት እንደሆነ፣ ጫፉ ቋጠሮ ይሁን ቀለበት ጻፉ። ገመዱ የተሠራለትን የስልክ ዓይነት ከሚጠቁሙ ምልክቶች አንዱ ይህ ነው።

በመጨረሻም ከጨርቁ የወጡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ለኩ። እኩል ርዝመት ላይኖራቸው ይችላል፤ አንዱ 4፣ አንዱ 7፣ አንዱ 11 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። ይህ የፋብሪካ ጉድለት አይደለም። እያንዳንዱ ሽቦ ስልኩ ሆድ ውስጥ የሚሄድበት ብሎን ርቀቱ ስለሚለያይ ነው። ስለዚህ ባዶ ስልክና ብቻውን የቀረ ገመድ ካላችሁ፣ ሽቦዎቹ ሳይሳቡም ሳይጠራቀሙም በየብሎኖቻቸው ላይ ቢያርፉ ገመዱ የዚያ ስልክ ዓይነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እኔ ከቀለም ይልቅ በዚህ መለኪያ መቶ እጥፍ እተማመናለሁ።

4. ሽቦዎቹን ቁጠሩ፣ ርዝመቱን ለኩ፣ ሥራውን ገምቱ

አሁን ገመዱ ስልኩ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር መገመት ይቻላል።

ሁለት ሽቦ ያለው፣ አንድ ሜትር አካባቢ የሆነ ገመድ የማዳመጫ ገመድ ይመስላል። መናገሪያው ስልኩ ላይ ተተክሎ ማዳመጫው ብቻ ለብቻው የሚነሳባቸው ስልኮች፣ ማለትም የግድግዳዎቹና እንደ ሻማ መቅረዝ የቆሙት የጠረጴዛ ስልኮች፣ እንዲህ ያለ ገመድ ነበራቸው።

ሦስት ሽቦ ያለውና አጠር ያለው የእጀታ ገመድ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። እጀታ ስል ማዳመጫና መናገሪያ አንድ ላይ ያሉበትን ማለቴ ነው። ሁለቱ አንዱን ሽቦ በጋራ ስለሚጠቀሙ ሦስት ይበቃል። በኋላ የመጡ ስልኮች ለእጀታው አራት ሽቦ ተጠቀሙ።

ረዘም ያለው፣ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋው፣ ስልኩን ከግድግዳው ወይም ከደወል ሳጥኑ ጋር የሚያገናኘው ነው። የቀድሞ የጠረጴዛ ስልኮች ደወል ውስጣቸው አልነበረም። ደወሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሌላ ሳጥን ውስጥ ነበር። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ሦስት ወይም አራት ሽቦ ያስፈልግ ነበር። ደወሉ ውስጡ ባለ ስልክ ላይም ሦስተኛ ሽቦ ብታገኙ አትገረሙ። አንድ መስመር ለብዙ ቤት በሚጋራበት ጊዜ የአንዱን ቤት ደወል ለይቶ ለመጥራት ወደ መሬት የሚሄድ ሽቦ ይጠቀሙ ነበር።

የትኛው ጫፍ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ በቴስተር ፈትሹ። የቴስተሩን አንድ እግር በአንድ ጫፍ ያዙና ሌላውን በተራ ንኩ። ንባቡ ገመዱን ትንሽ ስታንቀሳቅሱት ብቅ ጥልቅ ካለ ውስጡ ተበጥሷል ማለት ነው። ለመለየት ይበቃል፤ ለመነጋገር ግን አይሆንም።

5. ውስጡን እዩ

አዲስ ቦታ መቁረጥ አያስፈልግም። ከተጎዳው ጫፍ ላይ፣ ጨርቁ በራሱ በተበላበት በኩል ተመልከቱ።

እውነተኛ የስልክ ገመድ ሽቦ ተራ ሽቦ አይደለም። መሐሉ የጥጥ ወይም የሌላ ጨርቅ ክር ነው። በዚያ ክር ላይ ከወረቀት የሳሳ የመዳብ ጥብጣብ ዙሪያውን ተጠምጥሟል። እንዲህ ያሉ ብዙ ክሮች አንድ ላይ ተገምደው አንድ ሽቦ ይሆናሉ። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት የሚያበራ ጠመዝማዛ ይታያል፤ በወስፌ ለቀቅ ሲያደርጉት መሐል ላይ ክሩ ብቅ ይላል። ተራ መዳብ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይበጠሳል። ይህ ግን ጉልበቱን የሚችለው ክሩ ስለሆነ፣ ጥብጣቡ እንደ ሞላ ስለሚለጠጥ፣ ለዓመታት ቢነሳና ቢቀመጥ ይችለዋል።

በስታኞ መበየድ የማይሆነውም ለዚህ ነው። ሙቀቱ ክሩን ያቃጥለዋል። ጥብጣቡ ብቻውን ይቀርና በቀላሉ ይቆረጣል። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ጫፉን በብረት ጨምቀው ይይዙት ነበር።

ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ የሸፈነውን ነገር ለዩ። ሽቦው በጥጥ ወይም በሐር ክር ብቻ ከተሸፈነ የቀደመ ዘመን ሥራ ነው። ከክሩ ሥር ጎማ ካለ ቀጥሎ የመጣው ነው፤ ይህ ጎማ ዛሬ ብዙ ጊዜ ደርቆ ይፈረፈራል። የሚያብረቀርቅ፣ ለስላሳ፣ ቀለሙ ደማቅ የሆነ ፕላስቲክ ካያችሁ ግን ቆም በሉ። ወይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ ነው፣ ወይ ዛሬ የተመረተ ቅጂ ነው።

ሽቦዎቹ መለያ እንዳላቸውም እዩ። አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ቀይ ወይም ቢጫ ነው። ሌላው ተመሳሳይ ሽፋን ላይ አንዲት ባለ ሌላ ቀለም ክር ጠመዝማዛ ሠርታ ታልፋለች። ያቺ ክር ምልክት ናት። ከውጭ ደብዝዛ ከሆነ ብርሃን ያልደረሰበትን፣ ከእስሩ ሥር ያለውን ክፍል እዩ።

6. ጨርቁን ለዩ

ሐር ቀጭንና አንጸባራቂ ነው፤ በቀደሙት የጠረጴዛ ስልኮች ላይ ይገኛል። ጥጥ ደብዛዛ ነው፤ ሲዳሰስ ፀጉራም ይመስላል። ሬዮን እንደ ሐር ያበራል፣ ግን ከ1920ዎቹ ወዲህ ነው በሰፊው የተሠራበት። ናይለን ለገበያ የወጣው በ1930ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ የናይለን ጉንጉን ያለው ገመድ ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። ፖሊስተር ደግሞ የ1950ዎቹና ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ነው። ስለዚህ የክሩ ዓይነት «ከዚህ በፊት አይደለም» ለማለት ይጠቅማል፤ «ልክ በዚህ ዓመት ነው» ለማለት ግን አይበቃም።

በዓይን መለየት ካቃታችሁ የእሳት ፈተና አለ። ከተበላው ጫፍ የተላቀቀች አንዲት ክር በወረንጦ ያዙ። ከገመዱ ርቃችሁ፣ ውኃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ፣ ከሸክላ ሳህን በላይ አቃጥሏት። ጥጥና ሬዮን ቶሎ ይነድዳሉ፣ ሽታቸው የተቃጠለ ወረቀት ነው፣ አመዳቸው ልስልስ ነው። ሐር ቀስ ብሎ ይነድዳል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ የሚተርፈው ጥቁር ነገር በጣት ሲጫን ይደቅቃል። ናይለንና ፖሊስተር ይቀልጣሉ፤ ሲቀዘቅዙ በጣት የማይሰበር ጠንካራ ፍሬ ይሆናሉ። ገመዱ ላይ እንዳለ በፍጹም አትለኩሱት።

አጎነጓጎኑንም ተመልከቱ። አንዳንዱ ሁሉንም ሽቦ በአንድ ክብ ጉንጉን የሚሸፍን ነው። አንዳንዱ ደግሞ ውጫዊ ሽፋን የለውም፤ እያንዳንዱ ሽቦ ለብቻው ጨርቅ ለብሶ እርስ በርስ የተገመደ ወይም የተጎነጎነ ነው።

7. ዘመኑን ከስልኩ ጋር አስተያዩ

ገመዱ የመጣበት ስልክ ካለ ሥራው ይቀላል። ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው 302 የሚባለው ስልክ የወጣው በ1937 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቡናማ የጨርቅ ገመድ ነበራቸው። በ1940ዎቹ በጎማ የተሸፈነ ገመድ እየተተካ ሄደ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ስልክ ቁጥር 162 የ1929፣ 232 የ1934፣ 332 የ1937 ናቸው፤ በጨርቅ ገመድ ያገለገሉ ናቸው። የጀርመኑ ደብልዩ 48 በስሙ እንዳለው የ1948 ነው፤ እሱም ጨርቅ የለበሰ ገመድ ነበረው። ከዚህ የምንረዳው ጨርቅ ስላለው ብቻ «መቶ ዓመት ሆኖታል» ማለት እንደማይቻል ነው።

ጠመዝማዛ ሆኖ ራሱን የሚሰበስበው ገመድ በኋላ የመጣና በጎማ ወይም በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። የጨርቁ ዘመን ገመድ ቀጥ ያለ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛው፣ ስልኩ አካል ላይ የተቀረጸው ዓመት ብዙ ጊዜ የፈጠራ መብቱ የተሰጠበት እንጂ ስልኩ የተመረተበት አይደለም። ሁለተኛው፣ በዚያ ዘመን ስልኮች በብዛት የኩባንያዎች ንብረት ነበሩ፤ ለደንበኛ የሚሰጡት በኪራይ ነበር። ሲመለሱ ይጸዱና ገመዳቸው ይቀየር ነበር። ስለዚህ በ1920ዎቹ ስልክ ላይ የ1940ዎቹ ገመድ ብታገኙ ሰው አጭበርብሮ ላይሆን ይችላል። የስልኩ የራሱ ታሪክ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ገመድ አልነቅለውም።

8. አዲስ ቅጂ እንዳይሆን

ዛሬ ጥሩ ጥሩ ቅጂዎች ይሠራሉ። ለሚያገለግል ስልክ ቅጂ መግዛት ምንም ነውር የለበትም፤ ነውሩ እንደ ድሮ አድርጎ መሸጡ ላይ ነው። ቅጂን የሚያሳውቁ ነገሮች አሉ። ውስጡ የፕላስቲክ ሽፋን አለው። ሽቦው የተገመደ ተራ መዳብ ሊሆን ይችላል። ብረቱ አዲስና ያልተቧጨረ ነው። ቀለሙ ከእስሩ ሥርም ከላይም አንድ ዓይነት ነው። የድሮው ገመድ ግን ከእስሩ ሥር ደመቅ፣ እጅ የሚነካው ቦታ ላይ ጠቆር ይላል።

የአልትራቫዮሌት ባትሪ ካላችሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ አብሩበት። ብዙ ዘመናዊ ክሮች ማንጫ ኬሚካል ስላለባቸው በሰማያዊ ነጭ ብርሃን ያበራሉ። ግን በዚህ ብቻ አትፍረዱ። የድሮ ገመድም በዘመናዊ የልብስ ሳሙና ታጥቦ ከሆነ ያበራል።

9. አሁን ቀለሙን እዩ

ትክክለኛውን ቀለም የምታገኙት ብርሃን ካልነካው ቦታ ነው፦ ከእስሩ ሥር፣ ስልኩ ሆድ ውስጥ ከገባው ክፍል፣ ወይም ጉንጉኑን በጣት ገለጥ ስታደርጉ ከሚታየው ከሥር ያለ ክር። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ካራገፋችሁ በኋላ በቀን ብርሃን ተመልከቱት። ውኃ ውስጥ አትንከሩት። ጥጡ ይኮማተራል፣ የመዳቡ ጥብጣብ ዝገት ያወጣል፣ ቀለሙም ሊለቅ ይችላል። የአሜሪካ መቅረዝ መሰል ስልኮች ላይ አረንጓዴ፣ በኋላ በመጡት ላይ ቡናማ በብዛት ይታያል፤ ይህን ግን ከላይ ያገኛችሁትን ለማጠናከር ብቻ ተጠቀሙበት።

10. ጽፋችሁ አስቀምጡ

ለእያንዳንዱ ገመድ አንዲት ትንሽ ካርድ አዘጋጁ። የጨርቁን ርዝመት ከእስር እስከ እስር፣ የሽቦዎቹን ቁጥር፣ የእያንዳንዱን ሽቦ ርዝመትና መለያ፣ የጫፉን ዓይነት በሁለቱም በኩል፣ የመያዣ ክሩን ሁኔታ፣ የውስጥ ሽፋኑን፣ የክሩን ዓይነትና ያልደበዘዘውን ቀለም ጻፉ። ቅጂ ለማዘዝ ብትፈልጉ ሠሪው የሚጠይቃችሁ እነዚህኑ ነው።

የተበጠሰውንም ገመድ አትጣሉት። ጫፎቹን እንዳለ አቆዩ፤ ሌላ ተመሳሳይ ሲገኝ ማስተያያ ይሆናል፣ ብረቱም ለጥገና ይጠቅማል። ሲያስቀምጡት ጠበቅ አድርገው አይጠቅልሉት፣ በላስቲክም አይሰሩት። ሰፋ ባለ ክብ አድርጋችሁ፣ ካርዱን በጥጥ ክር አስራችሁበት፣ የወረቀት ከረጢት ውስጥ አስገቡት። ፌስታል እርጥበት ያፍናል። ደረቅና ጨለማ ቦታ አኑሩት፤ ሐር ከሆነ ብል እንዳይበላው በየጊዜው እያወጣችሁ እዩት።